በበረዶ ላይ የተሰጣ ልብስ

«የበረዶ አገር» የተባለው የጃፓን ልብ ወለድ በነጠላ ኪሞኖ በኩል ሲታይ

የያሱናሪ ካዋባታን «የበረዶ አገር» ያነበበ ሰው ስለ መጽሐፉ ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚነሣለት ባቡሩና በረዶው፣ ቀጥሎም በፍል ውሃ መንደር የምትኖረው ጌይሻ ኮማኮ ናት። ልብስ የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ደራሲው በዋናው ገጸ ባሕርይ ላይ ፍርዱን የሰጠው በልብስ ነው ባይ ነኝ፤ ያውም በአንድ ዓይነት ልብስ፣ ጃፓኖች በሙቀት ወራት በሚለብሱት ገበር በሌለው ኪሞኖ። ይህ ልብስ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚያዝ የማያውቅ አንባቢ ከመጽሐፉ ምስጢር ብዙውን ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ አስቀድሜ ስለ ልብሱ፣ ከዚያም በልብሱ በኩል ስለ መጽሐፉ ላወጋችሁ አስቤአለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉን ላላነበበ ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሺማሙራ የሚባል የቶኪዮ ሰው አለ። በወረሰው ሀብት የሚኖር፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሥራ ፈት ነው። ስለ ምዕራባውያን የባሌ ዳንስ ይጽፋል፤ በዓይኑ ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ የሚጽፈው ከመጻሕፍትና ከሥዕል ተነሥቶ ነው። ይህ ሰው በክረምት ከሰው ቁመት በላይ በረዶ ወደሚከመርበት ተራራማ አገር እየተመላለሰ ከኮማኮ ጋር ይገናኛል። ትወደዋለች። እሱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዮኮ የምትባል ሌላ ልጅም በሁለቱ መካከል እንደ ጥላ ትመላለሳለች። ካዋባታ ይህን ሥራ ከ1935 ጀምሮ በየመጽሔቱ ቁራጭ በቁራጭ አወጣው፤ በ1937 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ደራሲው ግን አልረካም፤ ሲጨምርበትና ሲያርመው ቆይቶ የመጨረሻው መልኩ በ1948 ወጣ። ኤድዋርድ ሳይደንስቲከር በ1956 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ካዋባታ በ1968 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ከተጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ።

ገበር የሌለው ኪሞኖ በጃፓንኛ «ሂቶኤ» ይባላል። ቃሉ «ነጠላ» ማለት ነው። በትከሻችን ላይ ከምናጣፋው ነጠላ ጋር መልኩም አገልግሎቱም አይገናኝም፤ ስሙ ግን አንድ ነውና በዚህ ጽሑፍ «ነጠላ ኪሞኖ» እለዋለሁ። የኪሞኖ ደንብ ዓመቱን ይከፋፍለዋል። ከኦክቶበር እስከ ሜይ ባለ ገበር ይለበሳል። በጁንና በሴፕቴምበር ነጠላው ይወጣል። በጁላይና በኦገስት ደግሞ ነጠላ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ መሆን አለበት። የጃፓን ሙቀት እንደ እኛ በጋ ደረቅ አይደለም። የጁን ዝናብ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ ላብ ከሰውነት ላይ አይደርቅም። ገበሩን ያስወጣው ይህ ነው። በዛሬው ጊዜ ሜይ ራሱ ስለሞቀ ብዙዎች ቀኑን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ያወጣሉ፤ ደንብ አክባሪዎች ግን አሁንም ጁን 1ን ይጠብቃሉ።

ስሱ ነጠላ ከብዙ ነገር ይሠራል። ከሐር ከሚሠሩት ዋናዎቹ «ሮ» እና «ሻ» ይባላሉ። በሁለቱም ድሩ ጎን ለጎን በመሄድ ፋንታ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ቀዳዳ ይተዋል፤ በ«ሻ» ቀዳዳው በጨርቁ ሁሉ ላይ ነው፣ በ«ሮ» ግን በመስመር በመስመር ነው። ሁለተኛው ከራሚ የሚሠራው ነው። ራሚ ከሳማ ወገን የሆነ፣ የማያቃጥል ተክል ነው፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም ሊነን ይለዋል እንጂ ከተልባ የተገኘ አይደለም። ቀላሉና ርካሹ ደግሞ የጥጥ ዩካታ ነው። ይህ በመታጠቢያ ቤት ልብስነት የተጀመረ ሲሆን አሁን ወጣቶች በሙቀት ወራት በዓላት ምሽት ይለብሱታል።

ሲመረጥ መጀመሪያ የሚደረገው ወደ ብርሃን ማንሣት ነው። ገበር የልብስ መደበቂያ ነው፤ የሳሳውን፣ የተጠቀመውን፣ የቆሸሸውን ይሸፍናል። ነጠላ ኪሞኖ ግን መደበቂያ የለውም። በብብት፣ በአንገትጌና በመቀመጫ በኩል ወደ ፀሐይ ይዘው ቢያዩት ያሳለፈው ዘመን ሁሉ ይነበባል። ቀጥሎ ስፌቱን በግራና በቀኝ ይዞ በቀስታ መሳብ ነው። መርፌው የገባበት ቀዳዳ እየሰፋ ድሩ የሚንሸራተት ከሆነ ያ ልብስ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ሲነሡበት ይለያያል። ከዚያ መገልበጥ ነው። በባለ ገበሩ ኪሞኖ የማይታየው ውስጥ በነጠላው ይታያልና በደንብ በተሰፋው ላይ የጀርባው ስፌት በቀጭን ጥብጣብ ተጠቅልሎ፣ በመቀመጫው በኩልም ማጠናከሪያ ጨርቅ ተደርጎበት ይገኛል። ያገለገለ ልብስ ከሆነ ማሽተትም ያስፈልጋል፤ የሻጋታ ሽታ የገባበት በቀላሉ አይለቅም።

ልኩ እንደ እኛ ልብስ በደረትና በወገብ አይደለም። ዋናው ልክ ከማጅራት አጥንት እስከ አንጓ ያለው ነው። የሴት ኪሞኖ ርዝመት የለባሿን ቁመት ያህል ይሆናል፤ የተረፈው ወገብ ላይ ታጥፎ በመታጠቂያው በኦቢ ሥር ይያዛል። ልብሱ የሚቆረጠው ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ከማይሞላ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ከሚሆን አንድ ጣቃ ነው። የሚቆረጠውም በቀጥታ መስመር ብቻ ስለሆነ ተቆርጦ የሚጣል ጨርቅ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ ስፌቱ ቢፈታ ተመልሶ ጣቃ ይሆናል። በድሮው ወግ ልብሱን ፈትቶ፣ ቁርጥራጩን መልሶ አገጣጥሞ፣ አጥቦና ወጥሮ ካደረቁ በኋላ እንደገና መስፋት የተለመደ ነበር። «አራይሃሪ» ይባላል። የእናት ልብስ ለልጅ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አያያዙም እንደ ጨርቁ ነው። ተለብሶ የተወለቀ ነጠላ ኪሞኖ ወዲያው አይታጠፍም፤ ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተሰቅሎ ላቡ ይወጣለታል። የራሚውና የጥጡ ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ታጥፎ ይጫናል እንጂ አይጨመቅም። ሳይደርቅ በእጅ ይስተካከላል፤ ራሚ ከደረቀ በኋላ የያዘውን ጭምድድ ካውያም በቀላሉ አይፈታውም። ሐሩ ግን ቤት ውስጥ በውሃ አይነካም፤ ይሰበሰባል። ለባለሙያ ሲሰጥም «ላብ አለበት» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። የደረቅ እጥበት ፈሳሽ ቅባትን ያወጣል እንጂ ላብን አያወጣም፤ ዛሬ የማይታየው ላብ ከዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ወራቱ ሲያልፍ ልብሱ ታጥቦ፣ ስታርች ሳይነካው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በደረቅ ቀንም እየወጣ ይናፈሳል። ለብል የሚደረገው ናፍታሊን ከሆነ ናፍታሊን ብቻ፣ ካምፎር ከሆነም ካምፎር ብቻ ነው፤ ሁለቱ አብረው ከተቀመጡ ቀልጠው ልብሱን ያበላሹታል።

እንግዲህ ይህን ይዘን መጽሐፉን እንክፈት።

ሺማሙራ ኮማኮን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት የለበሰችው ነጠላ ኪሞኖ ነው። ወቅቱ ተራራው አዲስ ቅጠል ያወጣበት ነበር፤ ቀኑን ኋላ ራሷ ታስታውሰዋለች፣ ሜይ 23 ነው። ደራሲው ለስላሳውን ነጠላ ሥርዓት ባለው አኳኋን መልበሷን ይነግረናል፤ ኦቢዋ ግን ለሷ የማይመጥን ውድ ዕቃ መስሎ ስለታየው ሺማሙራ ያሳዝነዋል። አንባቢ ይህን እንደ ተራ የልብስ ገለጻ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን የሰውየው ዓይን ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ልብስ የሚያውቅ ዓይን ነው። ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፣ ያልተስማማውን ወዲያው ይለያል። ያዝናልም። ኦቢው ከየት መጣ፣ ማን ገዛው፣ በምን ዕዳ ብሎ ግን አይጠይቅም። ኮማኮ የምታነበውን ልብ ወለድ ሁሉ፣ ደራሲውንና የገጸ ባሕርያቱን ስም ሳይቀር በደብተር እንደምትመዘግብ ስትነግረው «ከንቱ ድካም» ነው የሚመስለው። ሻሚሰን የምትባለውን ክራር መሰል መሣሪያ በዚያ ተራራ ሥር ብቻዋን ከጽሑፍ እያጠናች ስትጫወትለት ልቡ ይነካል፤ ወዲያው ግን ከራሱ ስሜት ይሸሻል። ልብሷን መረመረ፣ እሷን ግን አልጠየቀም።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ደራሲው ስለ ሺማሙራ የራሱ ነጠላ ኪሞኖ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ይተርካል። ጨርቁ ቺጂሚ ይባላል፤ በዚያው በበረዶው አገር፣ በዛሬው የኒጋታ ክፍለ ሀገር በኡኦኑማ አካባቢ የሚሠራ የራሚ ሽመና ነው። አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የራሚው ልጥ በጥፍር እየተሰነጠቀ፣ በምራቅ እየረጠበ፣ ጫፍ ከጫፍ እየተቀጠለ ክር ይሆናል። ይህ ክር አየሩ ደረቅ ከሆነ ይበጠሳል፤ በረዶ ውስጥ የተቀበረ ቤት ግን እርጥበት አለውና ሥራው የክረምት ሥራ ሆነ። የሸማ ዕቃው ከሸማኔዋ ወገብ ጋር ይታሰራል፤ ድሩን የምትወጥረው በገዛ ሰውነቷ ነው። ማጉ እጅግ የከረረ ስለሆነ ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በሙቅ ውሃ ውስጥ በእግር ሲረገጥ ክሩ ይሸሽና መላው ጨርቅ ይሸበሸባል። ያ ሽብሽብ ነው ልብሱን ከሰውነት ላይ አንሥቶ ነፋስ የሚያስገባው። በመጨረሻም በክረምቱ ማብቂያ ላይ ጨርቁ እርጥብ እንዳለ በበረዶ ሜዳ ላይ ይሰጣል። ከ10 እስከ 20 ቀን ድረስ ፀሐዩና ከበረዶው በሚተን ውሃ የሚወጣው ኦዞን ያነጡታል። በብርድ የተሠራ ልብስ በሙቀት ያቀዘቅዛል የሚለው የአገሩ እምነት የመጣው ከዚህ ነው።

ሺማሙራ ይህን ጨርቅ ይወዳል። በቶኪዮ የአሮጌ ልብስ ሱቆች እየዞረ ይፈልገዋል፤ ጥሩ ሲገኝ እንዲያሳዩት ነጋዴዎቹን አደራ ይላል፤ ለሙቀት ወራት ነጠላ ኪሞኖ ያሰፋዋል። በየዓመቱም ልብሱን እንዲነጣለት ወደ ተሠራበት የበረዶ አገር መልሶ ይልከዋል። ይህ ልማድ በእውነት ያለ ነው፤ ጃፓኖች «ሳቶጋኤሪ» ይሉታል። ሙሽራ ከሠርግ በኋላ ወደ ወላጆቿ ቤት የምትመለስበት ወግ መጠሪያ ነው፤ እኛ «መልስ» እንደምንለው። ልብሱ በየዓመቱ መልስ ይጠራል ማለት ነው። ሺማሙራ ያ ነጭ ጨርቅ በነጭ በረዶ ላይ ተዘርግቶ የንጋት ፀሐይ ሲያርፍበት በሐሳቡ ሲያየው የዓመቱ እድፍ ሁሉ የለቀቀ፣ እሱ ራሱም የነጻ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ካዋባታ አንዲት አጭር ነገር ጣል ያደርጋል። ልብሱን የሚያስልክለት የቶኪዮ ሱቅ ስለሆነ፣ ማንጣቱ በእርግጥ በድሮው ወግ ተፈጽሞ እንደሆነ ሺማሙራ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ቁልፍ ይህች ናት። ሰውየው የአያያዙን ደንብ ሁሉ ያውቃል፤ ደንቡን ሲፈጽም ግን እጁ የለበትም። ያላየውን ባሌ እንደሚጽፍ ሁሉ ያላየውን በረዶ እያሰበ ይነጻል። ልብሱ ለዓመታት ሳይበላሽ እንደሚኖር፣ የሰው ፍቅር ግን ይህን ያህል እንኳ እንደማይጸና እያሰበ ይቆዝማል፤ ኮማኮንም የሌላ ሰው ልጆች እናት ሆና በሐሳቡ ያያታል። ሐሳቡ ጥልቅ ይመስላል። ነገር ግን ልብሱ የጸናው በራሱ ጊዜ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚያጥበው፣ የሚሰጣው፣ የሚያነጣው ሰው ስላለ ነው። ፍቅሩ ያልጸናው ደግሞ ማንም ያን ያህል ስላልደከመበት ነው፤ ከኮማኮ በስተቀር። ለጨርቅ በየዓመቱ መልስ የሚጠራ ሰው ለሴቲቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠራላትም።

ካዋባታ ስለ ቺጂሚ የጻፈውን አብዛኛውን የወሰደው ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። «ሆኩኤትሱ ሴፑ» ይባላል፤ ከ1837 ጀምሮ የታተመ፣ ስለ በረዶው አገር ኑሮ የሚተርክ ሥራ ነው። ደራሲው ሱዙኪ ቦኩሺ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ራሱም የቺጂሚ ነጋዴ ነበር። ካዋባታ ከእሱ የወሰደው ውብ ውቡን ነው። ልጃገረዶቹ በበረዶ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ፣ በጸደይ ገበያ ጨርቆቹ የሸማኔዋ ስም ተጽፎባቸው እንዴት በደረጃ እንደሚመደቡ፣ ጥሩ ሸማኔ እንዴት ለሚስትነት እንደምትፈለግ ይነግረናል። ስሟ በጨርቁ ላይ ነበር! ሺማሙራ በአሮጌ ልብስ ሱቅ ሲያገኘው ግን ስሙ የለም፤ ጨርቁ ብቻ ቀርቷል።

ቦኩሺ የጻፈው፣ ካዋባታ በዚያ ምዕራፍ ያላነሣው አንድ ታሪክ ግን አለ። አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ቺጂሚ እንድትሠራ ታዘዘች። በታላቅ ደስታና ጥንቃቄ ሸመነችው። ጨርቁ ከማንጫው ሲመለስ ለማየት ቸኩላ ገለጠችው፤ ሳንቲም የምታህል፣ ጥላሸት የመሰለች ነጠብጣብ አገኘችበት። ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አእምሮዋ ተነካ። ቦኩሺ ነጋዴ ነውና የነጠብጣብን ዋጋ ያውቅ ነበር። እዚህ ላይ ግን የነገረን የጨርቁን ዋጋ ሳይሆን የልጅቱን ነው።

ታዲያ ካዋባታ ይህችን ልጅ ለምን ተዋት? ውበቱ እንዳይበላሽበት ነው የሚል ተቺ ቢነሣ አይፈረድበትም። እኔ ግን አልተዋትም እላለሁ። በ1937 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የቺጂሚው ምዕራፍም የመጨረሻው የቃጠሎ ምዕራፍም አልነበሩም። ሁለቱም ከዚያ በኋላ የተጨመሩ ናቸው፤ ተከታትለውም ይመጣሉ። ሺማሙራ የቺጂሚውን አገር ለማየት በባቡር ሄዶ፣ በአንድ ከተማ ጥቂት ተዘዋውሮ፣ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳያገኝ በተመለሰበት ምሽት እሳት ይነሣል። የሚቃጠለው የሐር ትል ጎጆ የሚከማችበት መጋዘን ነው፤ ልብስ ከሚጀመርበት ቦታ ማለት ነው። ዮኮ ከላይ ትወድቃለች። ኮማኮ በእሳቱ መካከል ገብታ አቅፋ ታወጣታለች፤ እየጮኸችም ልጅቱ አእምሮዋን እየሳተች እንደሆነ ትናገራለች። ሺማሙራ ግን ወደ እነሱ ሊጠጋ ሲል ሌሎች ይገፉታል፤ ቀና ሲል የሚያየው ሰማዩን ነው።

ከጥላሸት ነጠብጣብ የተነሣ አእምሮዋን ያጣችው ልጅ እዚህ አለች ባይ ነኝ። ካዋባታ ከቺጂሚው ምዕራፍ አውጥቶ ወደ ቃጠሎው አመጣት፤ በሌላ ስም፣ በእሳት ጥላሸት መካከል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ደራሲው እንዲህ አደረግሁ ብሏል አልልም። ነገር ግን ሁለቱን ምዕራፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው መጽሐፉ ስለ ማን እንደሚያዝን ይገባዋል። የተሸከመችው ኮማኮ ናት። የዳር ተመልካቹ ያው ሰው ነው።

መጽሐፉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ትልቁ ጉድለቱ ሁሉንም ነገር በሺማሙራ ዓይን ብቻ ማሳየቱ ነው። ኮማኮ ስትናገር እንሰማለን፤ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ ግን አይነገረንም። ዮኮማ ድምፅ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። የቺጂሚ ሴቶችም ቢሆኑ በረዶና ነጭ ጨርቅ ሆነው ያልፋሉ፤ ብርድ የሰነጠቀው ጣት፣ ቀኑን ሙሉ ድር የወጠረ ወገብ ሕመም አይታይባቸውም። ብዙ አንባቢ ከዚህ የተነሣ ደራሲውንና ሺማሙራን አንድ አድርጎ መጽሐፉን የሚያምር ግን ቀዝቃዛ ይለዋል። ይህ ፍርድ ግማሹ ልክ ነው። ያቺ ስለ ቶኪዮው ሱቅ የተጻፈች አጭር ነገር ባትኖር ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ደራሲው በገዛ ሰውየው ልብስ ላይ ስፌቱን ይዞ በቀስታ የሳበው በዚያች ቦታ ነው፤ ድሩ ሲንሸራተት አየነው።

ይህን ሳነብ ወደ እኛ ቤት ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። እኛም በፈትልና በሽመና የምንኮራ ሕዝብ ነን። በጥምቀት፣ በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ በባዕድ አገር አዳራሽ ውስጥ ነጭ ለብሰን ስንሰበሰብ የሚያየን ሁሉ ይደነቃል። ክሩን በእንዝርት የፈተለችው እናት፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ የሸመነው ሰው ግን በዚያ አዳራሽ አይነሡም። እንዲያውም «ሸማኔ» የሚለውን ቃል ለስድብ ያዋልነው ራሳችን ነን፤ ልብሱን ለክብር ለብሰን ሠሪውን በስሙ ሰደብን። ሺማሙራን ቀዝቃዛ ሰው ለማለት የቸኮለ አንባቢ ሣጥኑን ከፍቶ የጥበብ ቀሚሱ በማን እጅ እንደተሠራ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ አይከፋም። አገርን ከሩቅ ሆኖ መውደድ፣ ከሩቅ ሆኖም በሐሳብ እየነጹ መኖር ለእኛም የራቀን ነገር አይደለም።

የቺጂሚ ሽመና ዛሬም አልጠፋም። የኤቺጎ ጆፉና የኦጂያ ቺጂሚ አሠራር በ1955 በጃፓን መንግሥት በብርቅ የባህል ሀብትነት ተመዘገበ፤ በ2009 ደግሞ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ራሚው በፉኩሺማ ተራሮች በሾዋ መንደር ይበቅላል፤ ጨርቁም በክረምቱ መጨረሻ ፀሐይ ሲወጣ በበረዶው ላይ ይሰጣል። የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ለመግባት መሟላት ያለባቸው ሥራዎች ሁሉ የእጅና የእግር ናቸው፦ ክሩ በእጅ የተቀጠለ፣ ንድፉ በእጅ የታሰረ፣ በወገብ በሚታሰር የሸማ ዕቃ የተሸመነ፣ በእግር የተረገጠ። ክር የሚቀጥሉት ሴቶች አብዛኞቹ አረጋውያን ሆነዋል፤ የሚተካቸው ሰው ማግኘትም ከባድ ሆኗል። ስለዚህ በዛሬው ጊዜ እውነተኛውን ቺጂሚ የሚገዛ ሰው ልብሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ስፌቱን ስቦ፣ ገልብጦ ካየ በኋላ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ቢጨምር ተገቢ ነው፦ ክሩን ማን ቀጠለው?

«የበረዶ አገር» ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። ያነበባችሁት የቺጂሚውን ምዕራፍ እንደገና ክፈቱ፤ ያላነበባችሁት እዚያ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ሺማሙራ ጥሩ ልብስ መርጧል፣ በደንብም ይዞታል። ደራሲው የወቀሰው በዚህ አይደለም። የወቀሰው ይህን ሁሉ እንክብካቤ የሚያውቅ ሰው ለጨርቅ ብቻ ስላዋለው ነው።